የኦገስት ዘበኞች

ካስተልፎንቴ፣ ጁላይ 6

ወንድሜ ፊዮሬንዞ፤

አልተቆጣሁም። በአንድ ገጽ ውስጥ ሦስት ቦታ «ተቆጥተሽብኛል ወይ» ብለህ ስለጠየቅከኝ ከሰላምታው በፊት ይህን ላስቀድም። ሻንጣህን ይዘህ ሩማኒያ መግባትህን ከሚስትህ ከሳቢና አፍ መስማቴ ትንሽ አንጨረጨረኝ እንጂ አልተቆጣሁም። አሁን ሰላምታ፤ እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። ታርቺዚዮም ደህና ነው፤ ጉልበቱ ያው ነው፤ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ ያቃስታል፣ ቤት ሲገባ ባሌ መሆኑ ትዝ ይለውና ያዘኛል።

በስልክ እንዳናወራ፣ የያዝከው ስልክ የፋብሪካው እንደሆነና ማን እንደሚሰማው እንደማታውቅ ነግረኸኛል። ይሁን። በዚህ ዕድሜዬ ለገዛ ወንድሜ እንደ ኮረዳ ፖስታ እየላስኩ እልካለሁ።

«እዚያ ምን አዲስ ነገር አለ?» ላልከው፣ አለ እንጂ! ኢንጂነሩ አይስክሬም ገዛልን። አዎ፣ ያው የምታውቀው ኢንጂነር ላንፍራንኮ፤ ከአባቱ ፋብሪካውን ከወረሰ ወዲህ ለሰው አንድ ብርጭቆ ውሃ ጋብዞ የማያውቀው። ሰኞ ከሰዓት በትልቅ ሣጥን አስጭኖ መጣና ከእኛ ከሽቦ ጠምጣሚዎቹ ጀምሮ እስከ መጋዘን በእጁ እየዞረ አደለን። «ዘንድሮ የኦገስት ዕረፍታችሁን ሦስት ሳምንት አድርጌላችኋለሁ፤ ደክማችኋል፤ ሂዱ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ተጋደሙ» አለ። ዕድሜ ልካችንን ሁለት ሳምንት አልነበረም እንዴ? በዚያው ሳምንት የግቢውን በር አረንጓዴ አስቀባው። ከጎኔ የምትጠመጥመው ብሩና አይስክሬሟን እየላሰች «ይሄ ሰውዬ ወይ ልጁን ሊድር ነው፣ ወይ ሊሸጠን ነው፤ ልጅ ደግሞ የለውም» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አይስክሬሙ ግን እጄ ላይ ቀልጦ ፈሰሰ።

ምን እንደፈራሁ ታውቃለህ። አምና ከተራራው ወዲያ ያሉት የምድጃ ፋብሪካ ሠራተኞች ከኦገስት ዕረፍት ሲመለሱ ያገኙትን ሰምተሃል። ማሽን የለ፣ ጠረጴዛ የለ፣ ወለሉ ተጠርጎ ንጹሕ። ሴቶቹ ቱታቸውን እንደለበሱ እስከ ምሳ ሰዓት እዚያው ቆመው ነበር አሉ፤ ወዴት ይሂዱ? እኔና ታርቺዚዮ ሁለታችንም የምንበላው ከአንድ በር ነው። ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ፓምፕ የመዳብ ሽቦ ከመጠምጠም ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ያ በር ከተዘጋ እኔን ማን ይቀጥረኛል? እሱንስ ከነጉልበቱ?

ስለዚህ እጠይቅሃለሁ፤ ከፋብሪካችን እዚያ የላኩህ ምን ልትሠራ ነው? ሳቢናን ብጠይቃት «ወለል» አለችኝ። የምን ወለል?

እህትህ ኦርኔላ

 

ኦራዲያ፣ ጁላይ 14

ለምወድሽ እህቴ ለኦርኔላ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ታርቺዚዮ ጉልበቱን በሞቀ የጨው ውሃ እንዲዘፈዝፈው ንገሪልኝ። ሳልሰናበትሽ የመጣሁት ቅዳሜ ነግረውኝ እሑድ ስላሳፈሩኝ ነው። ይህን ባለፈውም ጽፌልሻለሁ፤ አሁንም ይቅርታ።

ምን ይበላ ይሆን ብለሽ እንዳታስቢ፣ በደንብ እበላለሁ። አከራዬ ቪዮሪካ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ቦሎኛ ውስጥ አንዲት አሮጊት ስታስታምም ስለኖረች ጣሊያንኛ ትችላለች፤ ስትቆጣ ደግሞ ቁጣዋ ልክ እንደ ቦሎኛ ሰው ነው። ሩዝና ሥጋ በጎመን ጠቅልላ ትቀቅልልኛለች። ጓሮዋ ፕሪም በፕሪም ነው፤ ከሱ አረቄ ታወጣለች፤ አንድ መለኪያ ከጠጣሽ ስምሽን ትረሺያለሽ። እዚህ በሚከፈተው ሥራ ትቀጠሪያለሽ ተብላ ተመዝግባለች። ምን ሥራ እንደሆነ ግን አልነገሯትም። እኔንም ጠይቃኝ ነበር።

ስለ ወለሉ፣ መጋዘን ነው ብለውኛል። አዲስ አዳራሽ ነው፤ ሲሚንቶው ገና ይሸታል። ፕላን ሰጥተውኛል፤ ፕላኑ ላይ ክብ ክብ ምልክት እንጂ አንድም ስም የለበትም። ምልክቱ ባለበት እበሳለሁ፣ ብሎን እቀብራለሁ፣ በቃ። የመደርደሪያ ነው አሉኝ። መደርደሪያም ብሎን ይፈልጋል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የማሽንሽን የፊት ሁለት እግሮች ታውቂያቸዋለሽ። ከአንዱ ብሎን እስከ ሌላው ድረስ ገመድ ወጥረሽ ልክ በልኩ ቁረጪውና በፖስታ ላኪልኝ። ሜትር ይዘሽ አትግቢ፣ ሰው ያይሻል። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል።

እዚህ ሙቀቱ ከባድ ነው። እንቅልፍ ትንሽ እምቢ ብሎኛል።

ወንድምሽ ፊዮሬንዞ

 

ካስተልፎንቴ፣ ጁላይ 23

ፊዮሬ፤

አትጠይቂኝ እያለ የሚጠይቅ ሰው አንተን አየሁ! ይኸው ገመድህ። የሽርጤ ማሰሪያ ነው። ሽቦው እንደወደቀብኝ አድርጌ ከማሽኑ ሥር ገባሁ፤ ተንበርክኬ ስለካ ብሩና ከላይ አጎንብሳ «ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። «ጥርሴ» አልኳት። አላመነችኝም፤ ምሳ ላይ ጥግ አስያዘችኝና አስለፈለፈችኝ። ለሷ ብቻ ነው የነገርኩት። ሰምታ ሳትስቅ ስትቀር ነው እኔ የባሰ የፈራሁት፤ ብሩና በአባቷ ቀብር ላይ እንኳ ቀልዳለች።

«ሌላው ሠራተኛ ምን ይላል?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። በማግሥቱ ብሩና በመመገቢያ አዳራሹ ወንበር ላይ ወጥታ ተናገረች። «ዘንድሮ ባሕሩ ይቅርብን፤ ኦገስትን ሙሉ በተራ በሩን እንጠብቅ» አለች። አንዱ «ለአሸዋው ቦታ ቀብድ ከፍያለሁ» ይላል፣ አንዱ «የሰው ንብረት ደጅ እንደ ዘበኛ መኮልኮል ነውር ነው» ይላል። ታርቺዚዮ ደግሞ «ዶክተሩ ለጉልበቴ የባሕር ውሃ አዞልኛል» ብሎ ተነሣ። ዶክተሩ ያዘዘለት እንዲከሳ ነው። በመጨረሻ ግማሹ ሰው እሺ አለ። ግማሽም ይበቃል።

አንተን ግን አልገባኝም። ወንድሜ ነህ፣ ዓይንህን ሳላይ እንኳ ስትዋሽ አውቅሃለሁ። ፈርተሃል። ምን አይተህ ነው የፈራኸው? በሚቀጥለው ደብዳቤህ የመጀመሪያው መስመር ላይ ስለ ገመዱ ንገረኝ፤ ጎመኑን ከዚያ በኋላ ታወራልኛለህ።

ኦርኔላ

 

ኦራዲያ፣ ኦገስት 1

ለምወድሽ እህቴ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ውስጡ የነበረውም ደርሶኛል። ሁላችሁም ደህና በመሆናችሁ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

«ከስተሃል ወይ» ማለትሽ አይቀርም፤ ትንሽ ነው። ከሙቀቱ ነው። ቪዮሪካ ውሻ አላት፤ ግራጫ ነው፣ አንድ ጆሮው የለም። ከሥራ ስመለስ እስከ ጥግ ድረስ ይቀበለኛል። በዚህ አገር ሰው ሁሉ ውሻ አለው። ፕሪሙ ደርሷል፤ ቅርንጫፉ እንዳይሰበር እንጨት ደግፈንለታል።

ከእኔ ጋር ወደዚህ የመጣውን የቧንቧ ሠራተኛ ታስታውሺዋለሽ? ባለፈው ሳምንት ከወንድሙ ጋር በስልክ ስለ ሥራው አወራ ተብሎ በዚያው ቀን ወደ አገሩ አሳፈሩት። እኛን ደግሞ ለማንም እንዳንናገር አስፈረሙን። ኢንጂነሩ ከጣሊያን ደውሎ «አንተ ታማኝ ነህ፤ ወለሉን ስትጨርስ እዚያው የጥገና ኃላፊ አደርግሃለሁ፤ የሦስት ዓመት ኮንትራት አለህ» አለኝ። ሳቢና ስትሰማ አለቀሰች፤ የደስታ ነው። እንግዲህ እኔም ሰው ነኝ፣ ቤት አለኝ።

ከዚህ በላይ ሁለት መስመር ሰርዣለሁ። ወደ ብርሃን ይዘሽ ለማንበብ አትድከሚ፤ ደጋግሜ ነው የሰረዝኩት፤ የረባ ነገር አይደለም።

ጥበቃው ጥሩ ሐሳብ ነው። ለብሩና ጥሩ ነው በያት። በቀንም ቢሆን በሩን ትታችሁ አትሂዱ። ይቅርታ፣ ሌላ አልጽፍም።

ወንድምሽ ፊዮሬንዞ

 

ካስተልፎንቴ፣ ኦገስት 8

ፊዮሬ፤

አዎ፣ በሩ ላይ ነን። ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ጥድ ሥር ተጣጣፊ ወንበሮቻችንን ዘርግተን በተራ እንቀመጣለን። ካርታ እንጫወታለን፤ ብሩና ታጭበረብራለች። ሌላው አሸዋ ላይ ተጋድሞ ይጠቁራል፣ እኛ እዚህ አቧራ እንቅማለን። መኪና ባጓራ ቁጥር ካርታውን ጥለን እንነሣለን። ትናንት አንድ ተሳቢ ፍጥነቱን ሲቀንስ ብሩና ወንበሯን አንሥታ መሐል መንገድ ላይ ተገተረችበት። ለካ ሾፌሩ ቲማቲም ጭኖ መንገድ ጠፍቶበት ነው! ሳቅን ሳቅንና ስናበቃ ብሩና ወንበሯን ይበልጥ ወደ በሩ አስጠጋችው።

ኢንጂነሩ መጥቶ እንደሆነ ትጠይቀኛለህ። መጥቷል፤ ያውም ሀብሀብ ተሸክሞ። ከመኪናው ወርዶ ወንበሮቻችንን አየና «ምነው ኦርኔላ! አባቴ በሠርግሽ ላይ የጨፈረ ሰው ነው። ማሽን በኪሴ ይዤ ልጠፋ ነው?» አለኝ። ራሱ ቆርሶ አደለንና ከእኛ ጋር ቆሞ በላ፤ ፍሬውን እንደ ልጅ እየተፋ። አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ ፊቴ ሁሉ ጋለ። ከሄደ በኋላ ታርቺዚዮ «እናንተ ሴቶች ጨዋ ሰው አዋረዳችሁ» ብሎ እስኪመሽ ነዘነዘን።

ስለዚህ ኦገስት 15 ለፍልሰታ ማርያም እንደየዓመቱ ኮረብታው ላይ ወጥተን እንበላለን ብለን ወስነናል። ብሩና «አንድ ሰው እንኳ ይቅር» ብላ ነበር፣ ሁሉም ሳቀባት። በፍልሰታ ዕለት በዚህ አገር ማን መሪ ይጨብጣል? ሌባ እንኳ በዚያ ቀን እናቱ ቤት ነው የሚበላው። «በይ እንግዲህ አንቺ ቅሪና ላዛኛሽን ከኮረብታው እንወረውርልሻለን» አሏት። እሷም ተወችው።

ስለ ገመዱ ምንም አላልክም። ሁለት መስመር ሰርዘህ ስለ ውሻ ጻፍክልኝ። እሺ፣ አስፈርመውሃል፤ መናገር ካልቻልክ አትናገር። እንዲህ እናድርግ። ገመዱ ወለልህ ላይ ከገጠመ በማንኛውም መንገድ ድምፅህን አሰማኝ። ካልገጠመ ዝም በል። እስከ በዓሉ ዋዜማ ምንም ካልሰማሁ አልገጠመም ብዬ ልቤን አሳርፋለሁ።

ኦርኔላ

 

ኦራዲያ፣ ኦገስት 11

ኦርኔላ፤

ሰላምታ አልጽፍም፣ ይቅርታ። ገመዱ ገጥሟል። በደረሰኝ ቀን አዳራሹ ባዶ እስኪሆን ጠብቄ ዘረጋሁት፤ ገጠመ። ቀጥሎ ያለውም የብሩና ነው፤ ከጎኑ ለምሰሶው የተተወውን ቦታ አውቄዋለሁ። የእኛን ፋብሪካ ወለል ነው በገዛ እጄ የበሳሁት።

ዛሬ ቀኑን ሰማሁ። የሚጭኑት በፍልሰታ ዕለት ነው፣ እናንተ ምሳ ላይ ስትሆኑ። ሾፌሮቹ ሰርቦች ናቸው፤ በእነሱ አቆጣጠር ፍልሰታ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ለእነሱ ያ ቀን ተራ ቀን ነው።

በሩን አትልቀቁ። ለቄሱም ለፖሊስም ንገሩ፤ ሰው ሰብስቡ። የእኔን ስም ግን አታንሺ፣ ይህን ወረቀት አቃጥይው። አሁኑኑ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ።

ፊዮሬንዞ

 

ካስተልፎንቴ፣ ኦገስት 16

ፊዮሬ፤

ላዛኛው ጥሩ ነበር። ታርቺዚዮ የማርያምን ሐውልት ከተሸካሚዎቹ ጋር እስከ ኮረብታው ጫፍ አደረሰ፤ ወርዶ ጉልበቱን እያሸ ሁለት ሳህን በላ። ከዚያ ዘፈንን። ይህን የምነግርህ ያን ጊዜ ምን ስንሠራ እንደነበር እንድታውቀው ነው።

አመሻሽ ላይ ወረድን። በሩ ላይ የማናውቀው አዲስ ሰንሰለት ነበር። ወንበሮቻችን ከጥዱ ሥር እንደነበሩ ናቸው፤ አንድ ሰው አጣጥፎ ደርድሯቸዋል። ታርቺዚዮና ሌላ ሰው ብሩናን በመንገዱ በኩል ወዳለው የፋብሪካው መስኮት አነሷት። ወደ ውስጥ አየች። «ምን አየሽ?» ስንላት «አውርዱኝ» ብቻ አለች።

ሌላውን ራስህ ሙላው። ፖሊስ መጥቶ ነበር። የኢንጂነሩ ጠበቃ የላከውን ወረቀት አነበበና «ንብረቱ የራሱ ነው፤ ማሽኑን ወደፈለገበት ሊወስደው ይችላል» አለን። የኢንጂነሩ ስልክ አይጠራም። የበዓል ልብሳችንን እንደለበስን መሬት ላይ ተቀምጠን አደርን። ታርቺዚዮ መኪናው ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን አሥሮ ፊት ለፊት እያየ ነው፤ ሞተሩን አላስነሳም። ሳነጋግረው አይመልስልኝም። ፈራሁ ፊዮሬ። ሰው እንዲህ ሲሆን አላውቅም።

አንተ ዝም አልክ፣ እኔም አመንኩህ። ዝም ያልከው ስላልገጠመ ነው፣ አይደል? ሌላ ቦታ ነው የወሰዷቸው። አልገጠመም በለኝ።

ኦርኔላ

 

ካስተልፎንቴ፣ ኦገስት 27

ፖስተኛው ዛሬ ከዕረፍቱ ተመለሰ። ጠቁሯል፣ ደስ ብሎታል። ከከረመው ክምር ውስጥ የኦገስት 11ን ደብዳቤህን ፈልጎ ሰጠኝ።

ከኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ወዲህ በእኛ ከተማ ደብዳቤ የሚያመላልስ ማን አለ? ፊዮሬንዞ፣ አብረን ነው ያደግነው። እናታችን በኦገስት ስትሞት የሐዘን ደብዳቤዎቹ የደረሱን በሴፕቴምበር እንደነበር ረሳኸው? «ከሞተች ከወር በኋላ የሚላቀስ ቤት» ብለው ሰፈሩ ሁሉ ሲያሾፍብን አልነበረም? ታውቃለህ። እንደማይደርስ እያወቅህ ቴምብር ለጥፈህ ላክኸው።

ስልክ የለም? የፋብሪካውን ተወው፣ ባቡር ጣቢያው ስልክ የለውም? አከራይህ ስልክ የላትም? «በሩን አትልቀቁ» ለማለት ስንት ቃል ነው?

ለብሩና አላሳየኋትም። ስላዘንኩልህ እንዳይመስልህ፤ ስላፈርኩ ነው። አቃጥይው ያልከውንም አላቃጠልኩትም።

መልስ እንዳትጽፍልኝ። አይ፣ ጻፍልኝ። ለምን እንደሆነ ጻፍልኝ።

ኦ.

 

ኦራዲያ፣ ሴፕቴምበር 3

እህቴ፤

ለምን ላልሽው እውነቱን እነግርሻለሁ። ፈርቼ ነው።

«ካልገጠመ ዝም በል» ያልሽበት ደብዳቤ የደረሰኝ ቀትር ላይ፣ በዓሉ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። አንብቤው ወጥ ቤት ቆሜ ቀረሁ። ቪዮሪካ ፊቴን አይታ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አደረገችልኝና ወደ ጓሮ ወጣች። ቁጥርሽን ነካሁ። የመጨረሻዋ አንድ ቁጥር ስትቀረኝ ያ የቧንቧ ሠራተኛ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ታየኝ፤ ሳቢና ታየችኝ። ደብዳቤውን ልኬያለሁ እኮ አልኩ ለራሴ፤ ከደረሰ ደረሰ፣ ካልደረሰ የፖስታ ቤቱ ጥፋት ነው። የነገርኩሽ ሰው ልሁን፣ አንቺ ግን አትስሚ፤ ይህን ነበር የፈለግሁት። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ቪዮሪካ ተመልሳ አየችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህኔን ፊቴ አድርጋ ትወጣለች እንጂ አብራኝ አትቀመጥም።

ማሽኖቹ መጡ። የሰርቦቹ መኪኖች ሲገቡ ቆሜ ነበር። ያንቺን ሳወርደው ክርንሽን እንዳይቆርጥሽ ጠርዙ ላይ የለጠፍሽው ፕላስተር እንዳለ ነበር። ብሎኑን ላጠብቀው አልቻልኩም። ቆይቼ ግን አጠበቅሁት። ምንም ነገር አልደበቅሁሽም አሁን።

ሌላም አለ። እዚህ የተቀጠሩት ሴቶች ሽቦውን እየበጠሱት ነው፤ ሥራው አልሄደም። ኢንጂነሩ መጥቶ «ማን ያስተምራቸው?» አለኝ። ስምሽን አልጠራሁም፣ በእናታችን። እሱ ራሱ ጠራው። ይደውልልሻል። ብትመጪ እንዴት ብዬ አይሻለሁ? ባትመጪ ደግሞ ምን ትበያለሽ? እኔ ምንም የመምከር መብት የለኝም።

ታርቺዚዮስ? ተናገረ?

ፊዮሬንዞ

 

ኦራዲያ፣ ኖቬምበር 21

ፊዮሬ፤

አዎ፣ ክፍልህ ውስጥ ነው የምተኛው፤ ውሻውም ጥግ ድረስ ይቀበለኛል። እኔ ስገባ አንተ መውጣትህ ሰውን ያስቃል። «ወለሉ ስላለቀ እናመሰግናለን» ብለው ያን የሦስት ዓመት ኮንትራትህን በአንድ ወር ጠቅልለው ሲያሰናብቱህ አንጀቴን በላኸኝ፤ አልዋሽህም። በአውቶቡስ ጣቢያው ስትሰናበተኝ ፊቴን ያዞርኩት እንዳላለቅስ ነው። ይቅር ብለሽኛል ወይ ላልከኝ ግን አላልኩህም። እሞክራለሁ።

ብሩና አሁንም በመንገድ ስታገኝህ ካለፈችህ እኔንም እንደዚያው ነው ያደረገችኝ። «ሄደሽ አስተምሪያቸው፤ ጉድጓዳችንን ቆፍሪልን» አለችኝ። ምን ልመልስላት? ስመጣ ታርቺዚዮ ግድግዳ እያየ ይውል ነበር፤ አሁን አንድ ሁለት ቃል ይናገራል ስላልከኝ ተባረክ፤ አጠገቡ አትጥፋ። ከሁለታችን አንዳችን ቤቱን ማብላት ነበረብን፤ ለዚያ ነው የመጣሁት።

ሥራውን ጠይቀሃል። ሴቶቹ ጎበዞች ናቸው። ሽቦውን የሚበጥሱት ስለሚፈሩት ነው፤ ጣታቸውን ይዤ «ጎትቺው እንጂ አትጫኚው» እላቸዋለሁ፣ ቪዮሪካ ትተረጉማለች። አሁን አይበጥሱም። ባለፈው ሳምንት ኢንጂነሩ ከእጄ በላይ ትንሽ ካሜራ አስቀመጠ። «ለጥራት ቁጥጥር ነው» አለ። አንድ የማናውቀው ሰው ከሱ ጋር መጥቶ ጣቶቼን ቀረጸ። «ቀስ በይ፣ ድገሚው፣ አሁን በግራ» ይለኛል። ፊቴን አንድም ጊዜ አላየም። ሲጨርስ ኢንጂነሩን «በዚህ ከቀጠለች ጁን ሳይገባ ማሽኑ ራሱ ይለምደዋል፤ ሰው አያስፈልግም» አለው። ጣሊያንኛ የማልችል መስሎት ይሆን? ወይስ ብሰማም ምንም አላመጣም ብሎ ነው?

ቪዮሪካም ሰምታለች። በምሳ ሰዓት ሁሉንም ሰበሰበቻቸውና ነገረቻቸው። ዳቦአቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። ቪዮሪካ ከመካከላቸው ተነሥታ አጠገቤ መጣችና «ኦርኔላ፣ ከእናንተ የወሰዱት በየትኛው ቀን ነበር?» አለችኝ።

«በፍልሰታ» አልኳት።

ዞራ ነገረቻቸው። እርስ በርሳቸው ተንሾካሾኩ። «እኛም ፍልሰታን በዚያው ቀን ነው የምናከብረው» አለችኝ። «ለፍልሰታ ቤታችን አንሄድም። እዚሁ ማሽናችን ሥር ተኝተን እንውላለን።»

ደስ አለኝ፣ ጎበዝ አልኳት። ከዚያ ከኋላ አንዷ አንድ ነገር ጠየቀች፣ ሌላዋም ቀጠለች፣ ቪዮሪካ መተርጎም አቅቷት ግራ ቀኝ ታያለች። «ለገናስ ቢመጡ? ይላሉ» አለችኝ። «ለፋሲካስ? ልጄ የምታገባው በጃንዋሪ ነው ትላለች ያቺኛዋ፤ ከሠርጓ ልቅር ወይ?» ሁሉም መልሴን ይጠብቃሉ፤ ከእነሱ ቀድሞ የደረሰብኝ እኔ ስለሆንኩ የማውቀው ይመስላቸዋል። ቪዮሪካ እጄን ያዘችኝ።

«እሺ አንቺው ንገሪን» አለችኝ፤ «በየትኛው በዓል ነው ቤታችን ገብተን የምንበላው?»

ፊዮሬ፣ እስካሁን አልመለስኩላትም። ነገ ጠዋት እንደገና ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?

እህትህ ኦርኔላ